ዜሮ ላይ የተዘጋው ደብተር

ጥቅምት 9

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለአንተም ለባለቤትህም ለልጆችህም ጤና እመኛለሁ። እናትህ ደህና ናት። የግራ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጋዜጣውንም ደብዳቤውንም የማነብላት እኔ ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

የዩኒቨርሲቲያችን የቀድሞ ተማሪዎች መጽሔት ትናንት ደረሰን። የእኛ ክፍል የተመረቀበትን አርባኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ “ወዴት ደረሱ?” የሚል ዓምድ አውጥተዋል። አዘጋጁ ያው ቃለ ጉባኤ ነው፤ ድሮ የመኝታ ቤት ጠብ ሳይቀር ደብተር ላይ የሚመዘግበው። ሎሚ ጡረታ ወጥታ ንብ ታረባለች። ረጅሙ ልቡን ቀዶ ጥገና ተደርጎ አሁን በቀን አምስት ኪሎ ሜትር ይራመዳል፤ ድሮ ክፍል ለመምጣት የሚለገመው ሰውዬ! አስተማሪያችን ውሃ ልክ ካረፉ ስድስት ዓመት ሞላቸው። ይህን ሁሉ ለእናትህ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት፣ ስንስቅም ስናዝንም ገጽ አስራ አራት ላይ ደረስን። እዚያ አንተ አለህ። ግማሽ ገጽ ፎቶግራፍ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ትዝታ።

እስቲ ራስህን በራስህ ቃል ስማው፦ “በመጨረሻው የመስክ ልምምድ ኮረብታውን መውጣት ሰለቸኝና ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የከፍታውን ቁጥር ከጭንቅላቴ አፈለቅሁት። ሒሳቡ ዜሮ ላይ ተዘጋ! ውሃ ልክ ሊያብዱ ደረሱ። የመስክ ጓደኛዬ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ማስመሪያ በዚያው ትምህርቷን ትታ ወደ ትዳር ሄደች፤ እኔ ግን ተርፌ ይኸው ዕድሜ ልኬን መሬት ስለካ ኖርኩ።”

የቱ ትዳር ነው አንተ? ያገባሁት ከተባረርኩ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። የእንኳን ደስ ያለሽ ካርድ ልከህልኝ የለም እንዴ?

ለመጽሔቱ አንባቢ ያላብራራኸውን እኔ ላብራራ። ከፍታው ከሚታወቅ ድንጋይ ትነሣለህ፤ የቆመውን የመለኪያ ዘንግ በመሣሪያው እያነበብክ ኮረብታውን ዞረህ እዚያው ድንጋይ ላይ ትመለሳለህ። የወጣኸውና የወረድከው እኩል መሆን አለበት፤ ግን መቼም እኩል አይሆንም። መሬቱ ይረግባል፣ ዘንጉ ያዘነብላል፣ ዓይን ይደክማል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ትስታለህ። ውሃ ልክ “ዜሮ ላይ የተዘጋ ሥራ የሰው ሥራ አይደለም” ይሉን የነበረው ለዚህ ነው። አንድ ሕግም ነበራቸው። የመስክ ደብተር ላጲስ አይነካውም። የተሳሳተው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። ቤት ተቀምጦ መገልበጥማ ጨርሶ ክልክል ነበር።

ያን ጊዜ እኔን ትኩሳት ሦስት ቀን አልጋ ላይ ጥሎኝ ነበር። አንተ ዘንግ ያዡን “ዛሬ ሥራ የለም” ብለህ አሰናበትክ፤ እሱንም በኋላ ማንም አልጠየቀው። ከሰዓት በኋላ ብጣሽ ወረቀት ይዘህ መጣህ። “ደብተሩን ዝናብ አበላሸው። የአንቺ እጅ ጽሑፍ ያምራል፤ በአዲስ ደብተር ገልብጪልኝ” አልከኝ። አመንኩህ፤ ገለበጥኩ፤ “መዝጋቢ” በሚለው ቦታም ፈረምኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ክጄውም አላውቅ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጠርቶን “ይህን የጻፈው ማን ነው?” ሲል “እኔ ነኝ” አልኩ። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ እናትህ ታውቃለች። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን መኝታ ክፍሌ ድረስ መጥታ “አንድ ልጄ ነው፤ አባቱ ከቤት ያባርረዋል። አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ትነሻለሽ” ብላ ለመነችኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝን ሴት ምን ልበላት? አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። አንተ የጫማህን ክር ትቆጥር ነበር።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። ዩኒቨርሲቲው በዲሲፕሊን የተባረሩ የድሮ ተማሪዎችን ፋይል እንደገና የሚያይ ኮሚቴ አቋቁሟል። መጽሔቱን ይዤ ሄጄ ነበር። “ይህ ቀልድ ነው፤ የምስክር ቃልና ፊርማ አምጪ” አሉኝ። የመጨረሻው ቀን ግንቦት 30 ነው። ውሃ ልክ የሉም፤ የቀረኸው አንተ ነህ። ለቀልድ አንድ ገጽ ካላነሰህ ለእውነትም አንድ ገጽ አያንስህም።

ማስመሪያ


ኅዳር 26

ውድ እህቴ ማስመሪያ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለእናቴ፣ ሰላም ለግቢያችን ዛፍ ሳይቀር! እኛ ሁላችን ደህና ነን። ጉልበቴን ብቻ ሐኪሙ “ደረጃ ቀንስ” ብሎኛል። ዕድሜውን ኮረብታ ሲወጣ ለኖረ ሰው ይህ ፍርድ ነው?

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አቤት ቁጣ! ድሮም ቀጥ ማለት ስታበዢ እኮ ነው ማስመሪያ ያልንሽ። እህቴ፣ ጨዋታ ነው። ቃለ ጉባኤ “አጭርና የሚያስቅ አድርገው” አለኝ። “ተባረረች” ብዬ ልጻፍ? ለአንቺ ክብር ብዬ ነው ትዳር ያልኩት።

ደግሞስ አርባ ዓመት ያለፈውን ነገር መቀስቀስ ምን ይበጃል? ጡረታ ወጥተሻል፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ አብቅተሻል። በዚህ ዕድሜ ዲግሪ ምን ይሠራልሻል? የሆነ ሆኖ አስብበታለሁ። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል።

ሰኔ 28 ለአርባኛው ዓመት ስብሰባ እመጣለሁ። በክፍሉ ስም ንግግር እንዳደርግ መርጠውኛል፤ ሳቂታ ካልተናገረ ማን ይናገራል ብለው። ለንግግሩ እንዲሆነኝ በእናቴ ኮመዲኖ ውስጥ ያለውን የክፍላችንን ፎቶግራፍ ላኪልኝ። የእናቴን ዓይን ደህና ሐኪም አሳዪልኝ። ለአንቺ ካፖርት ልኬልሻለሁ፤ ሱፍ ነው፣ በጣም ይሞቃል።

ወንድምሽ ሳቂታ


ታኅሣሥ 18

ለተናጋሪው፣

ጤና ይስጥህ። ጉልበትህንም ይማርልህ፤ ያንን ኮረብታ እንኳ እንዳልወጣኸው እኔና አንተ እናውቃለን።

ካፖርቱ ደርሷል። ለእናትህ ልክክ አላት። እኔ የጠየቅኩህ ወረቀት ነበር።

ዲግሪ ምን ይሠራልሻል አልክ። ሠላሳ አራት ዓመት በከተማው ካርታ ክፍል ምድር ቤት ውስጥ ሠራሁ። መስኮታችን ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለነበር ከሰው የማየው ጫማውን ነው፤ የጎረቤቶቼን ጡረታ መውጣት እንኳ ያወቅኩት ጫማቸው ጠዋት ጠዋት ማለፉን ሲተው ነው። ማዕረጌ “ረዳት ነዳፊ” ነበር። ስገባም ረዳት፣ ስወጣም ረዳት። ዘጠኝ ኃላፊ ተፈራረቀብኝ፤ ሰባቱን የመስክ ደብተር አያያዝ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ተምረው ሲጨርሱ “አመሰግናለሁ፣ አሁን ይህን ጥራዝ ፎቶ ኮፒ አንሽልኝ” ይሉኛል።

እያንዳንዱ ካርታ ከታች በቀኝ ጥጉ “ቀያሽ፣ ነዳፊ፣ አጽዳቂ” የሚል ሳጥን አለው። ዲግሪ የሌለው ሰው እዚያ ሳጥን ውስጥ አይፈርምም። አንተ ከመጣህ የምትሄድበትን መንገድ የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ነው የፈረመበት። የሐኪም ቤቱን ግቢ፣ የገበያውን አደባባይ፣ የእናትህን ሰፈር ሁሉ ስዬ አንድም ቦታ ስሜ የለም። ምን እንደሚሠራልኝ ገባህ?

“ለአንቺ ክብር ብዬ” ትላለህ። ክብሬን አደራ የሰጠህ ማን ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር፤ አንተ ግን የባሰብህ ነህ። አልረሳህም፤ እያሳቅክበት ነው።

ፎቶግራፉን አልልክም። የምረቃችሁ ዕለት የተነሣችሁት ነው። እኔ ያን ዕለት እንግዳ ይመጣል ተብሎ የእናትህን መስኮት ስወለውል ነበር፤ እንግዶቹ ለአንተ ነው የመጡት። ጡረተኛ ሆነህ ደግሞ ሥራ በዝቶብኛል አትበለኝ። ግንቦት 30ን አትርሳ።

ማስመሪያ


የካቲት 30

ውድ እህቴ፣

በቅድሚያ የዘገየሁበትን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ፈጣሪ ለአንቺም ለእናቴም ዕድሜ እንዲጨምር እለምናለሁ። ዝም ያልኩት ንቄሽ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የምስክርነት ቃሉን ረቂቅ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አንድ ጠበቃ ወዳጄ ተመልክቶልኛል። ከተስማማሽ ፈርሜ እልካለሁ። እንዲህ ይላል፦ “በተጠቀሰው የመስክ ልምምድ ወቅት በሁለታችንም የቡድኑ አባላት በኩል አንዳንድ የአመዘጋገብ ክፍተቶች ተፈጥረዋል። ክፍተቶቹ የተፈጠሩት በጊዜ እጥረት ነው። የትኛው አባል የትኛውን እንደፈጸመ አሁን ለማስታወስ ያስቸግራል።”

አንድ ነገር ግን ተረጂኝ። በዚያው ስብሰባ ላይ የቀያሾች ማኅበር “የታማኝ ሙያተኛ” ሜዳሊያ ሊሰጠኝ ነው። ልጆቼ ሥራቸውን ትተው ሊያዩኝ ይመጣሉ። ከዚህ በላይ ብጽፍ በአባታቸው ምን ይላሉ?

ወንድምሽ


መጋቢት 14

ለታማኙ ሙያተኛ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከትናንት ወዲህ ደህና አይደለሁም። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኘዋለህ።

በመጀመሪያ የጠበቃ ወዳጅህን ወረቀት መልሼልሃለሁ። ላጲስ አልነካውም፤ እንደተማርነው ነው የሠራሁት። “በሁለታችንም” የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ ከላዩ “በእኔ” ብያለሁ። “የአመዘጋገብ ክፍተቶች” የሚለውን ሰርዤ “ውሸት” ብያለሁ። “የጊዜ እጥረት” የሚለውን “ስንፍና” አድርጌዋለሁ። “ለማስታወስ ያስቸግራል” የሚለው ላይ ስደርስ እርሳሱ ተሰበረብኝ። መጽሔት ላይ ሲሆን ሻይ ቤቱ ሳይቀር ትዝ ይልሃል፤ ኮሚቴ ፊት ሲሆን ትረሳለህ? እኔ ገልብጬ መፈረሜን ግን ጨምሬበታለሁ፤ ያ እውነት ነው። ከጎኑ የፈረምኩት ለዚያ ነው። አንተም ፈርምበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ረቂቅህን ሳነብላት እናትህ ልብስ እያጠፈች ነበር። ስጨርስ፣

“ይኸው ነው? እኔን እንደላከኝ አልጻፈም?” አለችኝ።

“ማን ነው የላከሽ፣ አክስቴ?”

“እሱ ነዋ። ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ‘እኔ ብለምናት አትሰማኝም፣ አንቺን ግን እምቢ አትልሽም’ አለኝ። የምለውንም ያስጠናኝ እሱ ነው። ‘አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ትነሻለሽ በያት’ አለኝ።” ከዚያ ፊቴን አይታ፣ “አታውቂም ነበር እንዴ ልጄ?” አለች። ልብሱን እንደያዘች ቀረች።

አላውቅም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ “ፈርቶ ነው፣ ልጅ ነበር” እያልኩ በልቤ ስከላከልልህ ኖሬአለሁ። ዘንግ አቁሞ እንደሚያነብ ሰው እናትህን አቁመህ በእሷ በኩል ነው የለካኸኝ፤ ልክ ነበርክ፣ እምቢ አላልኳትም። ያን ቃል ደግሞ በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ለራሴ ብዬዋለሁ መሰለህ። ባሌ የሞተ ጊዜ ብዬዋለሁ። አዲሱ ኃላፊ ልጄ የሚሆን ሆኖ ሲቆጣኝ ብዬዋለሁ። “አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ትነሻለሽ።” የአክስቴ ቃል መስሎኝ። የአንተ ነው ለካ።

ይህን ሳውቅ የተሰማኝን እንዳልጽፈው ወረቀቱን እናትህ “አንብቢልኝ” ትለኛለች። ፈርመህ ላክ።

ማስመሪያ


ሚያዝያ 25

እህቴ፣

ሰላም ሁኚ። እናቴን በሰማንያ ስድስት ዓመቷ በልጇ ላይ ማስነሣትሽ አሳዝኖኛል። ደብዳቤዎቻችንን ሁሉ ለእሷ ማንበብ ነበረብሽ?

አንቺም እኮ ገልብጠሻል። ክልክል መሆኑን ከእኔ በላይ የምታውቂው አንቺ ነበርሽ። እርሳሱን እጅሽ ላይ ያሰረው ማን ነው? ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴን ታውቂዋለሽ፣ ቀበቶውንም ታውቂያለሽ። አዎ፣ ላክኋት። ከዚያ ዝምታው ሳምንት ሆነ፣ ዓመት ሆነ። በየዓመቱ ይህን ልጽፍልሽ እነሣለሁ፤ በቆየ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። በመጨረሻ እያሳቅኩ ስናገረው የቀለለኝ መሰለኝ። የሆነው ይህ ነው።

ስብሰባው ይለፍና የፈለግሽውን እፈርማለሁ። ከሰኔ በኋላ። ሁለት ወር ብቻ ታገሺኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 8

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤናህን ይጠብቅህ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

ሁለት ወር ታገሺኝ ትለኛለህ፤ ኮሚቴው የሚዘጋበትን ቀን ሁለት ጊዜ ጽፌልሃለሁ። ሦስተኛው ይኸው፦ ግንቦት 30።

ማስመሪያ


ግንቦት 30

እህቴ፣

ጤና ለአንቺና ለእናቴ። ሰርዘሽ በጻፍሽው መሠረት ገልብጬ ፈርሜያለሁ። ዛሬ በፖስታ ልኬዋለሁ። ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 20

ለአክስቴ ልጅ፣

እኔም እናትህም ደህና ነን። አንተንም ደህና ያሰንብትህ፤ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ይህንንም በፖስታ ሳይሆን በመንገደኛ እጅ የላክሁት ከመነሣትህ በፊት እንዲደርስህ ነው።

ቃልህ ሰኔ 12 ደረሰ። ከፊርማህ ሥር ያለውን ቀን አይቼዋለሁ። ከአንተ ወደ እኛ ፖስታ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እናውቃለን፤ አርባ ዓመት ስንጻጻፍ የኖርን ሰዎች ነን። ዕድሜህን ስትለካ ኖረሃል፤ ይህንንም ለክተኸዋል።

ግን አልጠበቅንህም። ግንቦት 28 ጠዋት እናትህ “ያንን ካፖርት አምጪልኝ” አለች። ለበሰችው። ጽሕፈት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። በየማረፊያው ግድግዳ ተደግፋ ስትተነፍስ “ይቅርብን፣ እንመለስ” አልኳት። “ያን ጊዜም መኝታ ክፍልሽ ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ ወጥቼዋለሁ” አለችኝ።

ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች ነበሩ። “እማማ፣ እርስዎ የዓይን ምስክር ነዎት?” አሏት።

“ስለ ቁጥራችሁ አላውቅም” አለች። “ልጄ ቁጥሩን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ፈጠርኩት ብሎ ጉልበቴ ላይ ሲያለቅስ ግን በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ደህና ዓይን ነበረኝ። ይህቺ ታማ ተኝታ ነበር። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ፤ እኔ የወለድኩት እንዳይጠፋ ብዬ የሟች እህቴን ልጅ አጠፋሁ። ጻፉት።” ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አንሥቶ አየኝ። “ጻፈው እንጂ!” አለችው። ጻፈ። ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ደፍታ፣ ማንም እጇን ሳይዛት ፈረመች።

የመባረሩ ውሳኔ ተሰረዘ። መገልበጤ ግን ጥፋት ነው አሉ፤ የመስክ ልምምዱም ስላልተሟላ ዲግሪው የሚሰጠው እሱን ስጨርስ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። እሺ አልኩ።

ኮረብታው ያው ኮረብታ ነው። የአንተ ሻይ ቤት የስልክ መጠገኛ ሆኗል። የመስክ አስተማሪዋ ልጄ የምትሆን ናት፤ ዘንጉን ራሷ ያዘችልኝ። እኔ አነበብኩ፣ እኔ ጻፍኩ። አንድ ቦታ ቁጥር አዛብቼ ጻፍኩና በአንድ መስመር ሰርዤ ከላዩ አረምኩ፣ ፈረምኩ። ጉልበቴ እንደ አንተ ያመኛል፤ ቢሆንም ወጣሁት። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ ድንጋዩ ጋ ደረስኩ። ሒሳቡን ስዘጋው አስራ አንድ ሚሊሜትር ስቻለሁ። አስተማሪዋ ደግማ ደመረችው፤ አስራ አንድ። “ከተፈቀደው በታች ነው፣ አልፈዋል” አለችኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስታ ነው ብላ አቀፈችኝ። ግማሹ ንዴት ነበር። አንድ ቀን ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነበር እኮ! አንድ ቀን!

ቃለ ጉባኤ ደውሎ ስሜን ከክፍሉ ዝርዝር ውስጥ እንደጨመረው ነግሮኛል። ሰኔ 28 ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። ንግግርህን አድርግ፣ ሜዳሊያህንም ውሰድ፤ “ትዝ ይለኛል” ብለህ ስትጀምር ግን ቀና ብለህ እየኝ።

የላክኸውን ቃል ለእናትህ አላነበብኩላትም። በየቀኑ “ጻፈ?” ትለኛለች። “ጽፏል” እላታለሁ።

“በጊዜው?” ትለኛለች።

ይህን መጥተህ አንተ ንገራት።

ማስመሪያ
ቀያሽ